ሠዓሊዎች የማይነግሯችሁ የእርሳስ ጉዳይ

ይህ በይፋ የሚወራ ነገር ስላልሆነ ቀረብ በሉና ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዐውደ ርእይ በተከፈተበት ምሽት ሠዓሊን ማስቀየም የፈለገ ሰው ብዙ አይደክምም፤ «ከፎቶ ነው የሣልከው?» ማለት ይበቃዋል። የሠዓሊው ፈገግታ ወዲያው ይደርቃል። «ከራሴ ነው» ይላል፤ ወይም «ፎቶ ለማስታወሻ ያህል አይቻለሁ» ብሎ ወደ ሌላ እንግዳ ዞር ይላል። የእኔ እንጀራ ሥዕሎችን ለካታሎግ ፎቶ ማንሳት ነው፤ እናንተ ወይናችሁን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ሸራውን ለብቻዬ አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። ለካታሎግ ሲሆን መብራቱ ከግራና ከቀኝ እኩል ይበራል። ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ግን አንዱን መብራት አጠፋና ሌላውን ከሸራው ጠርዝ አስጠግቼ በአግድም አበራዋለሁ። ያን ጊዜ ሸራው የሆዱን ያወጣል።

ቀለሙ ሳሳ ባለበት ቦታ የእርሳስ ካሬዎች ብቅ ይላሉ። ባለካሬው ሠዓሊ ፎቶውን በማስመሪያ ከፋፍሎ፣ ሸራውንም በዚያው ቁጥር ከፋፍሎ፣ ካሬ በካሬ ያሻገረ ሰው ነው። ዘዴው ያረጀ የተከበረ ዘዴ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሌላው ፎቶውን በፕሮጀክተር ሸራው ላይ አብርቶ ጠርዝ ጠርዙን ተከትሎ ያሰመረ ነው። ይሄኛውን ለመለየት ካሬ መፈለግ አያሻም። የፕሮጀክተር መስመር ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይጠራጠርም፣ ተመልሶ ራሱን አያርምም። በዓይኑ አይቶ የነደፈ ሰው ግን አገጩን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ ሞክሯል። ከሥር ሁለትና ሦስት ጉንጭ ተደራርቦ ታገኛላችሁ፤ እጁ የጠነከረበት ቦታ ሸራው ገባ ብሏል።

ልዩነቱ ደግሞ ለእኔ ዓይን ብቻ የሚታይ አይደለም። ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚሣሉትን ሥዕሎች አስቡ። ቤተሰብ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሟች ለመታወቂያ የተነሱትን ጉርድ ፎቶ ነው። በቀጥታ ከፊት የመጣ ብልጭታ የአፍንጫን ጥላ ያጠፋል፣ ጆሮን ወደፊት ይጎትታል፣ ጉንጭን ይደፈጥጣል። ይህን ፎቶ እንዳለ ያሻገረ ሰው የሚያስረክበው የተደፈጠጠ ጭንቅላት ነው፤ ልጆቹም ዝም ብለው ያዩትና «አባባን ይመስላል፣ ግን አባባ አይደለም» ይላሉ። ንድፍ የሚያውቀው ሠዓሊ ከዚያው ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ፎቶው የበላውን የአፍንጫ ጥላ ከራሱ ዕውቀት ይመልሳል። ሁለቱም ከፎቶ ሠርተዋል። አንዱ ግን በመሃል ነድፏል።

የሐይቅ ልጅ ስለሆንኩ የንድፍንና የፎቶን ነገር ከአገሬ ልጀምረው። ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል አለ። በወንጌሉ ውስጥ ደግሞ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል፤ በስም የሚታወቅ የአገራችን ሰው ከተሣለባቸው እጅግ ቀደምት ሥዕሎች አንዱ ነው። በሕይወት እያሉ ነው የተሣለው ወይስ ካረፉ በኋላ የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የዚያ ዘመን የወንጌል ሠዓሊ ጥላ አያውቅም፣ አይፈልግምም። ሰውየውን ከፊት ለፊት ያቆመዋል፣ ዓይኑን ያሰፋዋል፣ ልብሱን በመስመር ቆራርጦ ጌጥ ያደርገዋል፣ የቀረውን በጠፍጣፋ ቀለም ይሞላል። ቅንድብና አፍንጫን በአንድ የብርዕ ጉዞ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም፤ ብራና ላይ የገባ ቀለም ቢፋቅም ጠባሳው ይቀራል።

ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሐይቁ ማዶ ኖራ፣ የጻድቁን ዝክር እየዘከረች፣ ያን የብራና ሥዕል ያየችው በፎቶ ነው። ፎቶ የሥዕል ጠላት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማስታውሰው እሷን ነው።

አሁን የማወራው ፎቶ ግን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆና የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ጀመረች። ሥራው እስከ 1994 ድረስ ቆይቶ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነስተዋል። የሐይቁ ወንጌል በዚያ መዝገብ ቁጥሩ 1832 ነው። የመዝገቡን ካታሎግ ከጻፉት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. በደርግ ወታደሮች ተተኩሶባቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ነበር፤ ወደ ሚኒሶታ ከሄዱ በኋላ ከዊልቸር ላይ ሆነው የአገራቸውን መጻሕፍት ከፊልም እያነበቡ ዘረዘሩ። ከዊሊያም ማኮምበር ጋር ያዘጋጁት፣ ከቁጥር 1501 እስከ 2000 ያሉትን የያዘው አምስተኛው ቅጽ በ1981 ወጣ። የሐይቅ ወንጌልም እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ያ ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም በፊልሙ ላይ ሲደርሱ ግራጫ ሆነዋል፤ አንዳንዴም ሁለት የተለያዩ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ልብሱን ከመደቡ መለየት ያቅታል። ያልጠፋው መስመሩ ነው። ቅንድቡ አለ፣ የዓይኑ ክብ አለ፣ የልብሱ ጌጥ አለ። ፎቶው ሥዕሉን አፍርሶ ወደ ንድፍነቱ መልሶታል። የዓለም ምሁራን ለረጅም ዓመታት ብዙዎቹን የብራና ሥዕሎቻችንን ያጠኑት በእንዲህ ያለ ፊልም ነው፤ ስለ መስመራችን ብዙ ተጽፎ ስለ ቀለማችን ጥቂት የተጻፈው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በሌላ በኩል፣ ቀለሙ ተወስዶበትም ያልፈረሰ ሥዕል ንድፉ ጽኑ እንደነበረ ይመሰክራል። እኔ የዛሬ ሠዓሊዎችን ሥራ የምፈትነው በዚሁ ነው፦ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀለሙን አጥፍቼ በግራጫ አየዋለሁ። ስንቱ ዝነኛ ሸራ በዚህ ፈተና ሾርባ እንደሚሆን ብነግራችሁ ሥራዬን አጣለሁ።

ከማይክሮፊልሙ በፊት የቀለም ፎቶም ነበር። ዩኔስኮ በ1961 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች በትልቅ አልበም አሳትሟል፤ ዥል ለርዋ፣ ስቲፈን ራይትና ኦቶ ዬገር የጻፉበት፣ 32 ባለቀለም ገጾች ያሉት ነው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ከዚያም ቀድመው፣ በለንደኑ የስሌድ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ከጨረሱ በኋላ አውሮፓን በዞሩበት ዘመን፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ያሉትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ፈልገው አጥንተዋል። የአንኮበሩ ልጅ የአገሩን ብራና ለማየት ባሕር ማዶ መሄዱ ያሳዝናል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን መጽሐፉን ራሱን አይቶ ማጥናቱ ይበልጥብኛል፤ ባየው ላይ እጁን አሠልጥኗልና። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይህን ያህል መንገድ አላስፈለገውም። ሐረር ውስጥ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት የሚጽፉና የሚያስጌጡ ነበሩ፤ ኮሎኝ ሄዶ ረቂቅ ሥዕል ከመማሩ በፊት ብርዕ ብራና ላይ እንዴት እንደሚሄድ በቤቱ አይቷል። የእሱን ረቂቅ ሥዕል «የፈረንጅ ነው» ላሉት ሰዎች ይህችን ማስታወስ ይጠቅም ነበር።

ፎቶ ንጹሕ ነው፣ እርሳስ አልነካውም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ምስጢር አለኝ። ልጅ ሆኜ ደሴ አንድ ፎቶ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። በጨለማ ክፍሉ አጠገብ፣ ከኋላው መብራት ባለው መስታወት ላይ ኔጌቲቩን አስደግፈው፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ማሳመር ነው። ኔጌቲቭ ላይ የጠቆረ በወረቀቱ ላይ ይነጣል፤ ስለዚህ የፈንጣጣ ጠባሳን ለማጥፋት ጠባሳዋ ላይ ጥቃቅን ነጥብ ያሳርፋሉ፣ ከዓይን ሥር ያለውን ድካም በቀጭን መስመር ይሸፍናሉ። ሁሉን ነገር በተገላቢጦሽ ነው የሚነድፉት፤ ብርሃን መጨመር ሲፈልጉ ያጠቁራሉ። ደንበኛዋ ፎቶዋን ተቀብላ «ወይ ማማሬ!» ስትል ያማረችው በእርሳስ መሆኑን አታውቅም። እኚያ ሰው በሕይወታቸው ሥዕል ሣልኩ ብለው አያውቁም፤ በእኔ ሚዛን ግን በወሎ ካየኋቸው ነዳፊዎች ሁሉ እጃቸው የረጋው እሳቸው ናቸው።

የወሎ ፎቶ ሲባል የሚታወሰው ግን የማማር ፎቶ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲመታ፣ መንግሥት ዝም ባለበት ጊዜ፣ ወደ ወሎ የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶዎች አዲስ አበባ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ያን አይቶ ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቅምት 1966 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የቀረፀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ ነው እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ሰለባዎች በሸራ ላይ ያወጣው፤ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. የ1974 ነው።

ከየትኛው ፎቶ ተነሳ ብዬ አልከራከርም። የማወራው ፎቶውና ሥዕሉ ስለተከፋፈሉት ሥራ ነው። የረሃብ ፎቶ አንድን ሰው ነጥሎ ያቆምና ከዓይናችሁ ጋር ያፋጥጠዋል፤ ከፍሬሙ ውጭ ያለው መንገድ አይታይም። እሸቱ ያሳየው መንገደኛውን ሕዝብ ነው። ያን ያህል ሰው በአንድ ሸራ ላይ ለማሰለፍ እያንዳንዱን አካል መንደፍ፣ የአንዱን ክንድ ከሌላው ትከሻ ጋር ማስማማት፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን መቁረጥ ግድ ነው። ካሜራ ይህን ምርጫ አያደርግም፤ የፊቱን ያነሳል፣ የኋላውን ይሸፍናል። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅና በአምባሰል ውጫሌ በኩል ነው የሚያልፈው። በዚያ መንገድ ዳር ያደገ ሰው ለዚህ ሥዕል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ፎቶ እውነተኝነት ለሚምሉ ሰዎች ደግሞ የ1967 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ምሽት አለ። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ግን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ቁራጮች ገጥሞበታል። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሁለቱም ዓይነት ምስል በካሜራ የተነሳ እውነት ነበር። አንድ ላይ ያደረጋቸው ግን መቀስ የያዘ እጅ ነው፤ ምን ከምን አጠገብ ይሁን ብሎ የመረጠ እጅ ደግሞ ነዳፊ ነው።

ይህን ሁሉ ጨምቆ በግልጽ የሚሠራ አንድ የእኛ ሰው ማን ነው ብትሉኝ ጁሊ ምሕረቱን እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977 ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዛሬ የምትሠራው ኒውዮርክ ነው። በ2005 የማክአርተር ሽልማትን አገኘች። በ1988 ይህንኑ ሽልማት የወሰዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የብራና መስመር ያነቡ የነበሩትና ሸራ ላይ መስመር የምታሰምረው በአንድ መዝገብ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል።

ለረጅም ዓመታት አሠራሯ እንዲህ ነበር፦ የሕንጻዎችንና የአደባባዮችን ፕላንና ፎቶ በፕሮጀክተር ሸራው ላይ አብርታ፣ በቀጭን ቀለም ታሰምራለች። በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ትቀባለች፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፣ ከዚያ በዚያ ላይ እንደገና ትነድፋለች። ንብርብሩ እየበዛ ይሄዳል፤ የታችኛው ግን አይጠፋም። በ2012 በጀርመን ካስል በዶኩሜንታ ዐውደ ርእይ ላይ የታየው ባለአራት ክፍል «ሞጋማ» የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ክፍል ብቻውን አራት ሜትር ተኩል ከፍታ አለው። ስሙን የወሰደው በካይሮ ታህሪር አደባባይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከነበሩበት ሕንጻ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ግን የእኛም መስቀል አደባባይ አለ። የእኛ ሠዓሊዎች እንደ ሌብነት የሚደብቁትን ፕሮጀክተር እሷ በየቃለ መጠይቁ ትናገረዋለች።

ኋላ ላይ አካሄዷን ገለበጠችው። ከዜና ላይ አንድ ፎቶ ትወስዳለች፤ ፖሊስና ሰልፈኛ የተፋጠጡበት፣ ቤት የሚቃጠልበት። በኮምፒውተር ታደበዝዘዋለች፣ ታሽከረክረዋለች፣ ሰውም ቤትም መለየት እስኪያቅት ድረስ። የቀረውን የቀለም ጉም በኤርብራሽ ሸራው ላይ ትረጨዋለች፤ ከዚያ በጥቁር ቀለም በላዩ ላይ በእጇ ትነድፋለች። ከ2016 ሥራዎቿ አንዱ በስሙ ውስጥ «ፈርጉሰን» የሚል አለበት፤ በአሜሪካ ሚዙሪ የማይክል ብራውን ግድያ ያስነሳውን ተቃውሞ የሚያስታውስ ነው። ፎቶውን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ርእሱ ነው አድራሻውን የያዘው። ለሳንፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2017 ያጠናቀቀቻቸው ሁለቱ ግዙፍ ሥዕሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ ስምንት ሜትር የሚደርስ ከፍታ ስላላቸው ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የተሠሩት። ከሥራቸው የተቀበረው ሁለት ነው፦ የረብሻና የተቃውሞ ፎቶዎች፣ እንዲሁም የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን የሣሏቸው የተራራና የሸለቆ ሥዕሎች። ፎቶም ሥዕልም መደብ ሆነው ከታች ተኝተዋል፤ ከላይ የሚናገረው ንድፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራዎቿን አዲስ አበባ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታ ነበር። በየመክፈቻው ከሸራው ፊት ቆሞ «ይሄ ምንድን ነው? እኔም እሞነጫጭረዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አትቆጡት፤ ከፊት ስለቆመ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል በካሜራ ማንሳት ሙያዬን የሚያዋርድ ነገር ነው። ካሜራ ንብርብሩን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ወለል ያደርገዋል፤ ከሥር ያለው የሕንጻ መስመርና ከላይ ያለው የእጅ ጭረት እኩል ይሆናሉ። ካታሎጉን አይተው «አየሁት» የሚሉ ሰዎች ያዩት የሐይቁን ወንጌል በማይክሮፊልም ያየው ምሁር ካየው እንኳ ያነሰ ነው፤ እሱ ቢያንስ መስመሩ ተርፎለታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ሠዓሊውን «ከፎቶ ነው?» ብላችሁ አታሸማቅቁት። «ንድፎቹን ታሳየኛለህ?» በሉት። ያለው ያወጣል፣ ደስ እያለው። የሌለው ደግሞ ለምን እንደሌለው ራሱ ያውቃል።

የመጨረሻው ለሠዓሊ ቤተሰቦች ነው፣ ይህንንም በሹክሹክታ ሳይሆን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምለው። ሠዓሊ ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ሸራው ይቆጠራል፣ ይሸጣል፣ ያከራክራል። በካርቶን የታጨቀው ንድፍ ግን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ይወጣል፤ ከማገዶ ተርፎ ያየሁት ጥቂት ነው። አደራችሁን አትጣሉት። የሠራበት ፎቶም አብሮ ካለ አትለዩዋቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። በፕላስተር አታጣብቁ፣ አትጠቅልሉ፣ በንጹሕ ወረቀት መካከል ዘርግታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ማን እንደሠራው፣ የት እንደሆነና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ውሎ አድሮ ወደ ፊት ይወጣል።